የኋላ ግራ ኩሽኔታ

ዛፍ የሌለባት ናት፣ ነፋስ የሚያርሳት፣
በግ ከሰው፣ ከበግም ጠጠር የበዛባት፣
በፓታጎኒያ ሜዳ፣ ጋን ጋን የሚሏት።
እዚያ ነው ኤቫሪስቶ፣ ቅዳሜ በጠዋት፣
ፒካፑን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማውን በጠጠር ደግፎ
(ጋን እንኳ በጠጠር ይቆም የለ?)፣ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፎ፣
በጀርባው የሚገባ፣ ግማሽ አካሉ እስኪጠፋ፣
ቡት ጫማው ብቻ ውጭ ቀርቶ ከነፋሱ ጋር ሲጋፋ።

ፎርድ ናት፤ የሰባ ስምንት ሥሪት።
ኮፈኖዋ ወንዝ ዳር ከተገለበጠች እህቷ፣
ማርሚታዋ ከውሃ ፓምፕ ቧንቧ፣
ሻንሲዋ ብቻ የእናቷ።
ድሮ ሰማያዊ ነበረች፤ አሁን አንቲሩጂን ናት፣ ቀይ፤
“ቀለሙ ይደርሳል” ይላል፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ሲደርስ እንይ።
በሮቿን በሰንሰለት አስሯል፣ ነፋሱ እንዳይገነጥለው፤
አንዱን አንዴ ወስዶበት፣ በጎረቤት በረት ነው ያገኘው።

በክሩስኮቶው ኪስ ክዳን፣ ከውስጥ በኩል፣ በእርሳስ፦
“መጋቢት፣ ዘይት። ግንቦት፣ ካንዴላ፣ ስድስቱም።
ሐምሌ፣ በረዶ። አልተነሳችም።
ባትሪዋን ብርድ ልብስ አለበስኩት።”
ለሚስቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም።

የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ መኪናውን ወደ ላይ ይሰቅላል፤
የሉሲያኖ ፔራልታ ጎማ ደረት ድረስ ይደርሳል፤
ጣሪያው ላይ ስምንት መብራት፣ ማታ ሲመጣ
ፀሐይ ሰዓት የተሳሳተች ይመስላል።
ኤቫሪስቶ ግን ባሌስትራውን ፈታ፤ ከስድስቱ ሁለቱን አወጣ፤
ከአሮጌ እርካብ በየደ በግራም በቀኝም መወጣጫ።
መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ጭነት እንደለመደ ግመል።
“ተንበረከከች እንዴ? ለየትኛው ታቦት ነው?” አሉ፣ ሳቁ።
ከጎመን ሻጩ እስከ ሱቁ።

ስለ ኤውላሊያ ጉልበት አልነገራቸው።
መኪና ላይ ስትወጣ፣ ጥርሷን ስትነክስ ያየው
እሱ ብቻ ነው፤
አይቶም እንዳላየ ዝም ያለው።

ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገና “ግቢ፣ ሞክሪው” አላት።
እርካቡን ረገጠች።
ገባች።
ግን በመሪው በኩል።
“ወንበሩን ወደ ፊት ግፋው” አለች፤ “ፍሪሲዮኑ ራቀኝ።
ፔዳሉ ላይም እንጨት ምታበት፤
ዝቅ ያልከው ለኔ ከሆነ፣ ይድረሰኝ።”

ሠላሳ አራት ዓመት ጎኑ ተቀምጣ እጁን ስታይ ኖራ
ማርሹን አንዴም ሳታንጫጫ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣
ሄደች። የቀረው አቧራ።

ቆመ ኤቫሪስቶ፣ የአሥራ ሰባት ቁልፍ በእጁ።
ለካ ከውጭ ሰምቷት አያውቅም!
ሁልጊዜ ከውስጥ ነው፣ መሪ ጨብጦ፤
ወይ ከሥሯ፣ እሷ ቆማ።
አሁን፣ እየራቀች ስትሄድ፣
በነፋሱ መካከል ቀጭን ለቅሶ ሰማ፦
ከኋላ፣ ከግራ። ኩሽኔታ።
“ኩሽኔታው!” ብሎ ጮኸ፤ ቁልፉን አወዛወዘ፤
በስልሳ ዓመቱ፣ በቡት ጫማ፣ ሮጠ።
በመስታወት አየችው፤
የሚሰናበታት መሰላት።
ጥሩምባ ነፋችለት፣ ሁለቴ፣ ረጅም፣
ከኮረብታው ወዲያ ወረደች።

ማታ ተመለሰች፣ ጸጉሯ አቧራ ለብሶ።
የት እንደዋለች አልጠየቃት።
እሷ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች፣ መብራቱን ያዘችለት፤
እሱ ጎማውን አወለቀ፣ ግራሶውን በጣቱ አሸ፣
በጆሮው ቀርቦ አዞረ።
ከዚያ እርሳሱን ፈለገ።

“ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ። ኤውላሊያ ነዳች። ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር።
የኋላ ግራ ኩሽኔታ ያለቅሳል።
ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።”